ከኩለሩ ሥር ያለው አማና



ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ ለዛሬው ጁሙዓ አንድ ጥያቄ እናንሣ። አንድ ባለሙያ ሥራውን በግዴለሽነት ቢሠራ፣ ደንበኛው ግን ፈጽሞ ባያውቅና ዕቃውም «እየሠራ» ቢሆን፣ በደል ተፈጽሟል እንላለን? ጥያቄው በደፈናው እንዳይቀር ኮምፒውተር ገጣጥሞ የሚሸጥን ሰው እንውሰድ።

ፕሮሰሰር ሲሠራ ይግላል። ሙቀቱን ተቀብሎ የሚያስወጣው ከላዩ የሚታሰረው ኩለር ነው። የሁለቱ ገጽ ለዓይን ልሙጥ ቢመስልም፣ ሲገናኙ በመሀላቸው ጥቃቅን የአየር ክፍተቶች ይቀራሉ፤ አየር ደግሞ ሙቀትን በደንብ አያስተላልፍም። ክፍተቱን ለመሙላት ቴርማል ፔስት የሚባል ቅባት በመጠኑ ይደረጋል። ብሎኖቹም አንዱን እስከ መጨረሻው አጥብቆ ወደ ሌላው በመሄድ አይታሰሩም። በሰያፍ የሚተያዩትን ተራ በተራ ጥቂት ጥቂት ማዞር ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ ኩለሩ ወደ አንድ ወገን ተጭኖ በሌላው ወገን ይነሣል። አራት የፕላስቲክ እግር ያለው ዓይነት ከሆነ ደግሞ ማዘርቦርዱን ገልብጦ አራቱም በትክክል ማለፋቸውን ማየት ይገባል። አዲስ ኩለር ከሥሩ ስስ ላስቲክ ተለጥፎበት ሊመጣ ይችላል፤ እሱም ሳይነሣ መታሰር የለበትም።

ይህ ሁሉ ግን ኩለሩ ከታሰረ በኋላ አይታይም። ደንበኛው የሚያየው የኬዙን መስታወትና የፋኑን መብራት ነው።

ከዚህ ይበልጥ የሚገርመው፣ ጥፋቱን ራሱ ፕሮሰሰሩ የሚሸፍነው መሆኑ ነው። ሙቀቱ ከወሰኑ ሲደርስ፣ ወሰኑም ለብዙዎቹ ዘመናዊ ፕሮሰሰሮች 95 ወይም 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው፣ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ጭስ የለም፣ የተቃጠለ ነገርም የለም። ኮምፒውተሩ ዝግ ይላል እንጂ ሥራውን ይቀጥላል። ባለቤቱም «ፕሮግራሙ ከብዶት ይሆናል» ይላል፤ አንዳንዱም «እኔ ነኝ አጠቃቀሙን ያላወቅኩት» ብሎ ራሱን ይወቅሳል። እንግዲህ የተበደለው ሰው ጥፋቱን በራሱ ላይ እንዲያሳብብ የሚያደርግ በደል ምን ያህል ከባድ እንደሆነ አስቡት።

«ካላወቀ ምን ተጎዳ?» የሚል ሰው አይጠፋም። ተጎድቷል። ለተወሰነ ፍጥነት ገንዘብ ከፍሎ ያነሰ ነው የተረከበው። ከኪሱ ብር የተወሰደበት ሰው ስላላስተዋለ ብቻ ብሩ አልተሰረቀም አይባልም። ሐቅ የሚጠፋው ባለቤቱ ሲያውቅ ሳይሆን ሲወሰድበት ነው።

ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ ሲያልፉ በአንድ የእህል ክምር ውስጥ እጃቸውን አስገብተው ከሥሩ እርጥብ ሆኖ ያገኙበትን ታሪክ ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። ሻጩ ዝናብ መትቶት እንደሆነ ነገራቸው፤ እሳቸውም እርጥቡን ሰው እንዲያየው ለምን ከላይ እንዳላደረገው ጠየቁት፤ ያጭበረበረ ሰው ከእሳቸው እንዳልሆነም አስጠነቀቁ። እዚህ ላይ ልብ እንበል። እህሉን ያረጠበው ዝናብ ነው፤ ሻጩ የተወቀሰው እርጥቡን ከሥር በማድረጉ ነው።

ይህ ልዩነት ለገጣጣሚውም ትልቅ ብርሃን ነው። «በዚህ ዋጋ ከዚህ በላይ አይጠበቅብኝም» የሚል ሰው፣ ርካሽ ኩለር እንደሚገጥም ለደንበኛው ነግሮ ቢገጥም ምንም ነውር የለበትም። እርጥቡን ከላይ አድርጎታልና። ጥሩ ኩለር ብሎ አስከፍሎ በጥድፊያ አጣሞ ቢያስር ግን ዋጋው ማነሱ ምክንያት አይሆነውም።

«ኒያዬ ንጹሕ ነበር» የሚል ደግሞ አለ። ኒያ የሥራ መሠረት ነው፤ ሆኖም ብሎን አያጠብቅም። ማረጋገጫ መንገዱም ቀላል ነው፤ ከማስረከብ በፊት ኮምፒውተሩን ለጥቂት ደቂቃዎች ከባድ ሥራ ማሠራትና የሙቀቱን ቁጥር ማየት። ወዲያው ወደ ወሰኑ ከወጣ ፈትቶ፣ አሮጌውን ቅባት ጠርጎ፣ በአዲስ ቅባት እንደገና ማሰር ነው። ማየት እየቻለ ያላየ ሰው «አላወቅኩም» ቢል፣ አለማወቁን ራሱ መርጦታል። ቀድሞ ያስረከበውን የሚጠራጠር ካለም ደውሎ «አምጣው፣ በነጻ ልየው» ማለት ይችላል። የደንበኛውን ሐቅ መመለስ ይህ ነው።

በተቃራኒው ተጠንቅቄያለሁ እያለ ከልክ በላይ የሚያጠብቅም አለ፤ እሱም ማዘርቦርዱን ሊያጎብጥ ወይም የብሎኑን ጥርስ ሊበላው ይችላል። ብሎኑ ሲደርስ ማቆም ነው። አማና የጉልበት ጉዳይ ሳይሆን መጠንን የማወቅ ጉዳይ ነው።

አንተ ወንድሜ፣ አንቺም እህቴ፣ ኮምፒውተር አትገጣጥሙ ይሆናል። ነገር ግን ከግድግዳ ውስጥ የሚቀበር ቧንቧ፣ በሲሚንቶ የሚሸፈን ብረት፣ ተማሪው መልሶ የማያየው የፈተና ወረቀት በአንዳችን እጅ አለ። በዚህ ሳምንት በሥራችን ላይ ተሸፍኖ የሚቀረው የቱ እንደሆነ እንለይና ሳይሸፈን አንድ ጊዜ መልሰን እንየው። ሰው ባያየውም አላህ ያየዋል።

አላህ ሥራችንን ያሳምርልን። ጁሙዓ ሙባረክ!