በምረቃ ቀን ምን ይደረባል?

በዚህ ጊዜ የምናነሣው ጥያቄ ለአንዳንዶቻችሁ ቀላል፥ ምናልባትም የሚያስቅ መስሎ ይታያችሁ ይሆናል፤ በምረቃ ቀን ከላይ ምን ይደረባል የሚል ነውና። ነገር ግን በዚህ ዓመት ከምንመረቀው መካከል አንዱ ወደ ቤቱ ስልክ ደውሎ «ካፖርት ያስፈልገኛል» በማለቱ፥ አባቱ አንዲት እናት በግ ከመንጋው ለይተው ለገበያ አዘጋጅተዋል። በግ ከመንጋ ከተለየች በኋላ ጉዳዩ የልብስ ጉዳይ ብቻ መሆኑ ይቀራል። ሦስት ምሽት ተከራክረንበታል፤ ክርክሩንም ለእናንተ ማቅረብ ወደድን።

አስቀድመን ስለ ብርዱ እንናገር፤ ብርዱን ሳያውቁ በልብሱ ላይ መፍረድ አይገባምና። ጋሸና ከወልድያ ወደ ወረታ በሚያልፈው መንገድ ላይ፥ የላሊበላው መንገድ የሚገነጠልባት ከተማ ናት። ከፍታዋ ወደ 3,000 ሜትር ይጠጋል። ወልድያ ግን 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ 6 ዲግሪ ያህል ስለሚቀዘቅዝ፥ ጧት ወልድያ ላይ በጋውን ውስጥ ያላበው ተመራቂ ማታ ጋሸና ከመኪና ሲወርድ ጥርሱ ይንቀጫቀጫል። ምረቃ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚውለው በሰኔና በሐምሌ ነው፤ ጉሙ ቤት ድረስ የሚገባበት፥ በረዶ ቆርቆሮውን የሚደበድብበት ወቅት ማለት ነው። ስለዚህ ከላይ የሚደረብ ወፍራም ልብስ የጠየቀ ልጅ ቅንጦት ጠየቀ አይባልም።

እንግዲህ ለብርድ ከሆነ ጋቢ አለ የሚል ይነሣል። እውነት ነው። ጋቢ አራት እጥፍ ሆኖ የሚለበስ የጥጥ ሸማ ነው፤ በእጥፎቹ መካከል የሚያዘው አየር ሙቀትን ያቆያል። ጉድለቱ ዝናብ ነው፤ ጥጥ ውኃ ሲጠጣ ይከብዳል፥ ሙቀቱም ይጠፋል። የበግ ጠጉር ግን ርጥበት እያለበትም ይሞቃል፤ ደገኛው ባናውንና በርኖሱን የሠራው ስለዚህ ነው። በርኖስ ከጥቁር በግ ጠጉር ተሠርቶ፥ በአንድ ትከሻው ላይ ሾጠጥ ብሎ የሚሰፋ፥ ገበሬም ባላባትም የደረበው ልብስ ነው። የሱፍ ካፖርትም ቢሆን ሥሪቱ ከበግ ጠጉር ነው፤ ከባሕር ማዶ ዞሮ የመጣ በርኖስ ነው ብንል እምብዛም አልተሳሳትንም።

ታዲያ በቤት ጋቢ፥ በአገር በርኖስ ሳለ ካፖርቱ ለምን ተፈለገ? መልሱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ለፎቶግራፉ ነው። ያ ፎቶግራፍ በመስታወት ተከቶ በግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር ይታያል፤ ከእኛ ዕድሜ ይልቅ ሊቆይ ይችላል። በፎቶግራፉ ላይ ምን ሆነን መታየት እንወዳለን? የሥነ ምግባሩ ጥያቄ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ከመካከላችን አንደኛው ወገን እንዲህ ይላል፤ «ለልብስ መጨነቅ ከንቱ ነው፤ የተማረ ሰው በዕውቀቱ እንጂ በካፖርቱ አይታወቅም፤ የምንመረቅ በለበስነው ሹራብ ነው።» ይህ አነጋገር ደስ ይላል፤ የሚናገረውንም ሰው ከፍ ያደርገዋል። እኛ ግን አልተቀበልነውም። ለምረቃው ከጋሸና ተነሥተው የሚመጡት አባት ጋቢያቸውን አሳጥበው፥ እናት የጥለት ቀሚሳቸውን ከሣጥን አውጥተው ነው የሚመጡት። ስለ እኛ ቀን ሲሉ ያላቸውን ሁሉ ለብሰው በመጡ ሰዎች ፊት ተጎሳቁሎ መቆም ትሕትና ነውን? እንዲያውም የኩራት ሽታ አለበት። «እኔ ከዚህ ሁሉ በላይ ነኝ» ማለት ነውና።

በአገራችን ልብስ ይናገራል። አንዲት ነጠላ ቤተ ክርስቲያን ስንገባ መስቀለኛ ትጣፋለች፤ ለቅሶ ቤት ስንደርስ ያችው ነጠላ ጥለቷ ወደ ላይ፥ ወደ አንገት ይዞራል። የነጠላዋ ዋጋ አልተለወጠም፤ የተለወጠው አለባበሱ ነው። ይህን ነገር ልብ ብንለው ከክርክራችን ግማሹ በቀለለ ነበር፤ ክብር በልብሱ አያያዝ እንጂ በዋጋው እንዳልሆነ እናቶቻችን ከእኛ በፊት ያውቁታልና።

በምረቃ ቀን የምንለብሰው ጥቁር ጋውን ራሱ አመጣጡ የብርድ ልብስ እንደሆነ ስናነብ ደንቆናል። በመካከለኛው ዘመን በአውሮፓ የነበሩት ተማሪዎች አብዛኞቹ ከካህናት ወገን ይቆጠሩ ስለነበር ረጅም ልብስ ይለብሱ ነበር፤ የሚማሩባቸውም የድንጋይ አዳራሾች እሳት የማይነድባቸው ቀዝቃዛ ነበሩ። ረጅሙ መደረቢያም የተማሪ ምልክት ሆኖ እስከ እኛ ደረሰ። በእኛም አገር በነገሥታቱ ዘመን ንጉሥ የሾመውን ሰው ካባ ያለብሰው ነበር። ሁለቱም ዘንድ ልብሱ ከሰው የሚሰጥ ማዕረግ ነው። ይህን ማስታወስ የሚገባን ስለ ትውስት በኋላ ስለምንናገር ነው።

ስለ ልብስ በዩኒቨርሲቲ ውስጥ መከራከርም አዲስ አይደለም። በመጋቢት 1960 ዓ.ም. በአዲስ አበባ፥ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፋሽን ትርኢት ሲዘጋጅ ተማሪዎች ተቃወሙት፤ ረብሻ ተነሣ፤ ፖሊስ ገባ፤ ተማሪዎች ታሰሩ፤ ትምህርቱም ለጊዜው ተቋረጠ። ሕዝቡ በድህነት ሳለ የባዕድ አለባበስ ለምን በትምህርት ቤት ይታያል የሚለው ቁጣ ከንቱ ነው አንልም፤ ያ ትውልድ ድህነቱን ማየቱ እውነት ነው። ነገር ግን ቁጣው በብዙው ያረፈው በሴቶቹ ላይ ነበር፤ ከተቆጡት መካከልም ኮትና ሱሪ የለበሱ ጥቂቶች አልነበሩም፤ ኮትና ሱሪም ከላስታ አልወጣም። የሌላውን ልብስ መመዘን የራስን ከመመዘን ይቀላል። ዛሬም በመካከላችን ስለ እኅቶቻችን ካፖርት ርዝመትና ቀለም ረዘም ያለ አስተያየት የሚሰጡ ወንድሞች አሉ። እነርሱ የራሳቸውን የጫማ ዋጋ አስቀድመው ይንገሩን።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። ሁለተኛው ወገን «ቢቻል በጥሩ ይለበስ፤ አባት ለልጁ በግ ቢሸጥ ምን ነውር አለው?» ይላል። እኛም «በጓን አይሽጡ» ማለት ቀላል መስሎን ነበር። ነገሩ በስልክ ሲነገራቸው ግን አባት እንዲህ አሉ፤ «ልጄ፥ እኔ ዕድሜዬን በጋቢ ኖርሁ፤ አንተን አንድ ቀን በካፖርት ልይህ ብል ትከለክለኛለህ?» ይህን ሰምቶ ዝም ያላለ ከመካከላችን የለም። ስጦታን እንቢ ማለት ሁልጊዜ ጽድቅ አይደለም፤ የሰጪውን ደስታ መቀማት ሊሆን ይችላል።

ሆኖም በጓ የአባት ብቻ አይደለችም። የሚጠቧት ግልገሎች አሉ፤ የሚመጣው ዓመት የታናሽ እኅት ደብተርና ዩኒፎርም ከእርስዋ ጠጉርና ግልገል ነው። እናት በግ የተሸጠች እንደሆነ ካፖርቱን የገዙት አባት ሳይሆኑ ያልተጠየቀችው ታናሽ እኅት ናት። የእኛም አሳብ በዚህ ላይ ጸና፤ ሰጪው ከራሱ ድርሻ የሚሰጠውን መቀበል ይገባል፤ ዝም ካለው ሰው ድርሻ የሚወጣውን ግን ተቀባዩ አስቀድሞ ሊጠይቅና ሊመልስ ይገባዋል። አባት ይህን ሳያውቁ ቀርተው አይደለም፤ ደስታ አሸንፏቸው ነው። ስለዚህ ሊነገራቸው የሚገባው በአክብሮት እንጂ በተግሣጽ አይደለም።

ሌላም ነገር አለ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለመመረቅ የመውጫ ፈተና ማለፍ ግድ ሆኗል፤ በመጀመሪያው ዓመት ካለፉት ያላለፉት በልጠዋል። ውጤት ሳይታወቅ በግ መሸጥ እንግዲህ ምን ማለት ነው? ከዚህም ጋር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፥ ዶላሩ ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር በላይ ስለ ወጣ፥ ከውጭ የሚገባ ልብስ እንደ እኛ ላለው ሰው የሚቀመስ አልሆነም።

ርካሹ ካፖርት በእርግጥ ልባሹ ነው። ልባሽ ጨርቅ ወደ አገር ማስገባት ግን በሕግ የተከለከለ ስለሆነ፥ ከቦንዳ የወጣውን መግዛት ይገባል አይገባም በሚለው ላይ አልተስማማንም፤ ገሚሶቻችን በኮንትሮባንድ የገባ ልብስ ለብሰን እንደምንከራከርም አስተዋልን። በዚህ የሚያከራክር ነገር የሌለበት አንድ መንገድ አለ፤ አስቀድሞ ተመርቆ ሥራ ከያዘ ወንድም ወይም እኅት መግዛት፥ ወይም መዋስ።

«የሰው ወርቅ አያደምቅ» ትሉን ይሆናል። ተረቱ ስለ ወርቅ ለተመካ ሰው የተነገረ ነው። በምረቃ አዳራሽ የሚቀመጠው ሰው ሁሉ ጋውኑን በብዙ ቦታ ተከራይቶ ወይም ተረክቦ ለብሶት የሚመልሰው ነው፤ ማንም አያፍርበትም። ካፖርት ሲሆን ስለምን እናፍራለን? ውሸት የሚሆነው መዋሱ ሳይሆን የእኔ ነው ማለቱ ነው። «ካፖርቱ የማን ነው?» ተብሎ ቢጠየቅ «የወንድሜ ነው» ለማለት አፉ የማይያዝበት ሰው በማንም ልብስ ፎቶግራፍ ይነሣ።

ለምትገዙም ለምትዋሱም የተማርነውን በአጭሩ እንንገራችሁ። መጀመሪያ ትከሻውን ተመልከቱ፤ እጅጌና ወርድ በልብስ ሰፊ ይስተካከላል፥ ትከሻ ግን አይስተካከልም። ቀጥሎ ገበሩን ገልብጣችሁ እዩ፤ ብብቱ ሥር የተበላ ከሆነ ተዉት። ቀለሙ ጥቁር ወይም ድፍን ሰማያዊ ይሁን፤ ለለቅሶም፥ ለሠርግም፥ ለሥራ ቃለ መጠይቅም ይሆናልና። ሱፍ በሙቅ ውኃ አይታጠብ፤ በብሩሽ አራግፉት፥ ርጥብ ጨርቅ ደርባችሁ በካውያ ተኩሱት፤ ያረጀው ሁሉ አዲስ ይመስላል። የወደቀ ቁልፍ አንድ ዓይነት ካልተገኘ ሁሉንም ለውጡ። ካፖርት ከጋውን በታች አይለበስም፥ ያሳብጣል፤ ከውስጥ ቀጭን ሹራብ ይበቃል፤ ካፖርቱ ለመንገዱና ለማታው ነው። ጃንጥላም አትርሱ።

እኛም ባለፈው እሑድ ሥራ ከያዙት ከአንዱ ወንድማችን አንድ ጥቁር የሱፍ ካፖርት በመዋጮ ገዝተን በሰንበት ትምህርት ቤቱ ሣጥን አስቀምጠናል። የዚህ ዓመት ተመራቂዎች ቁመታቸው እንደሚፈቅድ እየተቀባበሉ ይለብሱታል። ነገሩን ለአባት ነግረናቸዋል፤ ቃላቸውን ገና አልሰጡንም፤ በጓን ግን ለጊዜው ወደ መንጋው መልሰዋታል። ልብስ ሰፊውም እጅጌውን እንዳይቆርጠው፥ ወደ ውስጥ አጥፎ ብቻ እንዲሰፋው ነግረነዋል፤ የሚመጣው ዓመት ተመራቂ ረጅም ሊሆን ይችላልና።