ወደ ሠረገላው ውጡ፤ ከልጆቻችሁም ጋር ተቀመጡ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ የእግዚአብሔር ልጆች፣ በአል ቁዝ፣ በሻርጃ፣ በአጅማንና በየሰው ቤት በሥራ የምትደክሙ ወገኖቻችን፤

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ልጆቻችን ንባብ ነው። ከሕፃንነት ወጥተው ገና ለአካለ መጠን ስላልደረሱት ልጆቻችን። አንዳንዶቹ እዚሁ ከእኛ ጋር አድገው በእንግሊዝኛና በዐረብኛ ይማራሉ። ብዙዎቹ ግን አገር ቤት በአያት፣ በአክስት እጅ ናቸው፤ እኛም በየወሩ የትምህርት ቤት ክፍያ እንልካለን። ልብሱም፣ ስልኩም ይደርሳቸዋል። ጥያቄው ግን ይህ ነው፦ መጽሐፍ ሲከፍቱ አጠገባቸው የሚቀመጠው ማን ነው?

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ከቁጥር 26 ጀምሮ የአንድ ወገናችን ታሪክ ተጽፏል። የንግሥት ህንደኬ የግምጃ ቤት ሹም የነበረው ኢትዮጵያዊ ጃንደረባ በኢየሩሳሌም ሰግዶ ወደ አገሩ ይመለስ ነበር። መንገዱ ምድረ በዳ ነው። እርሱ ግን በሠረገላው ተቀምጦ የነቢዩን የኢሳይያስን መጽሐፍ ያነብ ነበር። ወንጌላዊው ፊልጶስ በመንፈስ ቅዱስ ታዝዞ ሮጦ ደረሰ፤ ሲያነብም ሰማው፤ የሚያነበውን ያስተውለው እንደ ሆነ ጠየቀው። ጃንደረባውም የሚመራው ሰው ሳይኖር እንዴት ሊያስተውል እንደሚችል ነገረው፤ ወጥቶም አብሮት እንዲቀመጥ ለመነው።

ከዚህ ሦስት ነገር እንማር።

አንደኛ፣ ጃንደረባው ያነበበው በመንገድ ላይ ነው። ሥራ የሌለው ሰው ስለ ሆነ አይደለም፤ የአንድ መንግሥት ገንዘብ በእጁ ነበር። እኛ ጊዜ የለንም እንላለን፤ እውነትም ድካማችን ብዙ ነው። ነገር ግን ከአል ቁዝ ወደ ሥራ በሚወስደን አውቶቡስ፣ በሜትሮ፣ ማታ ከመተኛታችን በፊት የምታልፈዋን ግማሽ ሰዓት የሚበላት አብዛኛውን ጊዜ ስልካችን ነው። ልጆቻችንም ይህንኑ ከእኛ ያያሉ። እናቱ ስታነብ አይቶ የማያውቅ ልጅ ስለ ንባብ ብትመክረው ምክሩ ከጆሮው አያልፍም።

ሁለተኛ፣ አለማወቁን ሳያፍር ተናገረ። ባለሥልጣን ሲሆን አልገባኝም አለ። ልጆቻችን ብዙ ጊዜ መጽሐፍ የሚጠሉት ስላልገባቸው ነው፤ አልገባኝም ብለው እንዳይናገሩ ደግሞ ቁጣችንን ይፈራሉ። እናንተ ይህን የምታነቡ ልጆች፣ ቅዱስ ያሬድን አስቡ። በልጅነቱ ትምህርት አልገባው ብሎ ተገርፎ ሸሸ። በዛፍ ሥር ተጠልሎ ሳለ አንዲት ትል ዛፉን ልትወጣ እየሞከረች ደጋግማ ስትወድቅ፣ በመጨረሻ ግን ስትወጣ አይቶ ወደ መምህሩ ወደ አባ ጌዴዎን ተመለሰ። ያ ልጅ ነው የቤተ ክርስቲያናችንን ዜማ የሰጠን። መዘግየት መውደቅ አይደለም።

ሦስተኛ፣ ፊልጶስ ወጥቶ አብሮት ተቀመጠ። ከመንገዱ ዳር ቆሞ “በርታ፣ አንብብ” ብሎ አልሄደም። የዛሬው ትምህርታችን ሁሉ እዚህ ላይ ነው። መጽሐፍ መግዛት መልካም ነው፤ ክፍያ መላክም መልካም ነው። ልጅ ግን አብሮት የሚቀመጥ ሰው ይፈልጋል።

“እኔ እንግሊዝኛ አልችልም፣ ልጄ አማርኛ አያነብም፤ እንዴት ልቀመጥ?” የምትሉ አላችሁ። አባቶቻችን በጉባኤ ቤት እንዴት እንዳስተማሩ አስታውሱ። ንባቡ በግእዝ ነው፤ ትርጓሜው አንድምታው በአማርኛ ይወርዳል። በሁለት ቋንቋ አንድ ትምህርት ይሆናል። ልጃችሁ በእንግሊዝኛ ያንብብ፤ እናንተ ደግሞ በአማርኛ እንዲነግራችሁ ጠይቁት፦ ሰውየው ማን ነው? ለምን እንዲህ አደረገ? አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር? ፊደል ያልቆጠረች እናት እንኳ ይህን መጠየቅ ትችላለች። ልጁም ሲተርክ ያነበበው ይጸናለታል፤ አማርኛውም አይጠፋም።

አገር ቤት ልጅ ላላችሁ፦ የሳምንቱ ስልክ “በላህ? ገንዘቡ ደረሰ?” ብቻ አይሁን። አንድ ምዕራፍ እናንተም እርሱም አንብባችሁ ተነጋገሩ። የማርቆስ ወንጌል 16 ምዕራፍ ነው፤ በሳምንት አንድ ቢሆን በአራት ወር ያልቃል። መጽሐፈ ምሳሌ 31 ምዕራፍ ነው፤ በቀን አንድ ቢሆን አንድ ወር ይበቃዋል። የዮሴፍን ታሪክ ከኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 37 ጀምሩ፤ በባዕድ አገር እግዚአብሔርን ያልረሳው ዮሴፍ ታሪኩ ሲጀምር የ17 ዓመት ልጅ ነበር። መጽሐፈ ጦቢትንም አትርሱ። ሽማግሌው ጦቢት ልጁን ጦብያን ገንዘብ እንዲያመጣ ወደ ሩቅ አገር ሲልከው እናቱ ሐና ገንዘብ ከልጅ አይበልጥም ብላ አለቀሰች። ጳጉሜን 3 የምናከብረው መልአኩ ቅዱስ ሩፋኤል ግን ሳይታወቅ አብሮት ተጓዘ። ስለ ገንዘብ ከልጅ የተለየ ሰው ይህን መጽሐፍ ሳያለቅስ አይጨርሰውም፤ ሳይጽናናም አይዘጋውም።

“ዓለማዊ መጽሐፍስ ይፈቀዳል ወይ?” ትሉን ይሆናል። ታላቁ ቅዱስ ባስልዮስ በአራተኛው መቶ ዓመት ስለዚሁ ለወጣቶች ጽፏል። ንብ ከአበባው ሁሉ የሚጠቅማትን ብቻ እንደምትወስድ፣ ከአሕዛብ መጻሕፍትም መልካሙን ወስደው ሌላውን እንዲተዉ አስተምሯል። ስለዚህ የማታውቁትን መጽሐፍ በልጃችሁ እጅ ብታዩ ከመንጠቃችሁ በፊት ጠይቁት። ከአማርኛ መጻሕፍት የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ “ጦቢያ” በ1908 እ.ኤ.አ. በሮም የታተመ፣ በመከራ ስለ ተለያየ ቤተሰብ የሚተርክ አጭር ልብ ወለድ ነው፤ ቋንቋው ግን ጠንከር ስለሚል አግዟቸው። ከፍ ላሉት የሐዲስ ዓለማየሁ “ፍቅር እስከ መቃብር” አለ፤ የፍቅርና የከባድ ሐዘን ታሪክ ስለ ሆነ አብራችሁ አንብቡት።

ቦታም አለ። በዱባይ በአል ጀዳፍ ያለው የመሐመድ ቢን ራሺድ ቤተ መጻሕፍት በሰኔ 2022 እ.ኤ.አ. ተከፍቷል። ከሚሊዮን በላይ መጻሕፍት ይዟል፤ ለሕፃናትና ለወጣቶች የተለየ ክፍል አለው። የሕንጻው ቅርጽ ሳይቀር መጽሐፍ የተዘረጋበት አትሮንስ ይመስላል። ከአል ቁዝ አጠገብ በሚያልፈው በቀዩ የሜትሮ መስመር እስከ ቡርጁማን፣ ከዚያ በአረንጓዴው እስከ መጨረሻው ክሪክ ጣቢያ ትሄዳላችሁ። በሻርጃና በአጅማን ላላችሁ፣ ሻርጃ በ2019 የዓለም የመጽሐፍ ከተማ መባሏን ምክንያት አድርጎ የተሠራው “ቤት አል ሂክማ” አለ። የመግቢያውን ሁኔታ አስቀድማችሁ ጠይቁ። አዲስ አበባ ላሉት ልጆቻችሁ ከ1936 ዓ.ም. ጀምሮ ያለው ወመዘክር፣ በ2014 ዓ.ም. የተመረቀውም 4 ኪሎ ያለው አብርሆት አሉ። የእረፍት ቀን ሲገኝ ልጁን ወደ ገበያ ማዕከል ብቻ አትውሰዱት።

ከስደተኞች መካከል የአንድ ሰው ሥራ እንንገራችሁ። ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ በአሜሪካ፣ በሳን ፍራንሲስኮ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ነበር። ለሕፃናት በአማርኛ የተጻፈ መጽሐፍ ሲያጣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ የተረት መጽሐፍ አሳተመ። በኋላም ወደ አገሩ ተመልሶ በ2003 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ሾላ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከፈተ፤ በሐዋሳም መጽሐፍ በአህያ ጋሪ እየተጫነ ወደ ልጆች እንዲደርስ አደረገ። ስደት ልጆችን ለመርሳት ምክንያት አልሆነበትም።

እኛም የአቅማችንን እናድርግ። ለእረፍት አገር ቤት ስትሄዱ፣ በመመለሻችሁ ሻንጣ ለበርበሬና ለሽሮ ቦታ እንደምትተዉ ለሁለት መጽሐፍም ቦታ ተዉ። ልጆች ያሏችሁ፣ ከቅዳሴ በኋላ ግማሽ ሰዓት ቆይታችሁ አብራችሁ አስነብቧቸው። ልጅ የሌላችሁም ማንበብ የምትችሉ የሌላውን ልጅ አስነብቡ፤ ፊልጶስ ለጃንደረባው ዘመዱ አልነበረም።

ያ ጃንደረባ በመጨረሻ በመንገድ ዳር ውኃ አግኝቶ ተጠመቀ፤ ደስ እያለውም መንገዱን ሄደ። የጀመረው ግን አንድ ሰው ወጥቶ አጠገቡ ስለ ተቀመጠ ነው። የልጆቻችን ሠረገላ በፍጥነት እየሄደ ነው። ሳያልፈን እንድረስበት።

ፊልጶስን ወደ ሠረገላው የላከ አምላክ እኛንም ወደ ልጆቻችን ይላከን። በሩቅ ያሉትን በቅዱስ ሩፋኤል ጥበቃ ያቆይልን፤ በሰላም ለመገናኘት ያብቃን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።