አራተኛው ስም የለሽ

ሦስት ወር የለፋሁበት ሥራ ለአለቆች ሲቀርብ ስሜ አልተነሣም። «ቲሙ ሠራው» ተባለ፣ አለቀ። ማታ ተናድጄ ኢርፎን ሰካሁና አኖኒመስ ፎርን ከፈትኩ።

በ1986 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ላይ የተመሠረተ፣ ያለ መሣሪያ የመካከለኛውን ዘመን ዜማ ይዘምር የነበረ የአራት ሴቶች ቡድን ነው። ድምፃቸው ከመግጠሙ የተነሣ የቱ የማን እንደሆነ መለየት ያስቸግራል። የአራቱም ስም ግን አልበሙ ላይ አለ። መዋሃድ ሌላ፣ መዋጥ ሌላ።

የቡድኑን ስም ያገኙት ከአንድ የ13ኛው ክፍለ ዘመን ጸሐፊ ነው። ስለ ፓሪሱ ኖትርዳም ዜማ ጽፏል፤ ማን እንደሆነ ስላልታወቀ ሊቃውንት «አራተኛው ስም የለሽ» አሉት። ሊዮኒንና ፔሮቲን የተባሉትን የዜማ ደራሲዎች ዛሬ በስም የምናውቃቸው በሱ ጽሑፍ ነው። የራሱ ስም ጠፍቶ የሰው ስም አተረፈ።

እኔስ? ሥራው ሊቀርብ አንድ ቀን ሲቀረው ትልቁን ስህተት ያገኘችው ቴስተራችን ነበረች። ስሟን እኔም አላነሣሁም። «ስሜን ማን ዋጠው?» እያልኩ ስብሰለሰል፣ ለካ የሷን የዋጥኩት እኔ ነኝ።

ጠዋት ግሩፓችን ላይ የሷን ስም ጻፍኩ። የኔን የሚጽፍ ሰው ግን አሁንም እየጠበቅኩ ነው፤ አልዋሽም።