የጨለማው ድርሻ

ቀትር ላይ አንድ ሳሎን የሚያነሣ ካሜራ ከሁለት አንዱን መምረጥ አለበት። ግድግዳውን፣ ሶፋውንና ምንጣፉን አጥርቶ ካሳየ መስኮቱ ነጭ ወረቀት ይሆናል። ከመስኮቱ ውጭ ያለውን ዛፍና ሰማይ ከያዘ ደግሞ ክፍሉ ጥላሸት ይለብሳል። የቤትና የሕንፃ ፎቶግራፍ አንሺዎች ለዚህ መላ ካበጁለት ቆይቷል። ካሜራውን ትራይፖድ ላይ ያቆሙና ሳያነቃንቁ ያንኑ ማዕዘን ሦስት፣ አምስት ወይም ሰባት ጊዜ ያነሡታል፤ አንዱን ጨለም፣ አንዱን ደመቅ እያደረጉ። ከዚያ ኮምፒውተር ላይ ከእያንዳንዱ ደህና ሆኖ የወጣውን እየወሰዱ አንድ ፎቶ ያደርጉታል። በመጨረሻ የሚወጣውን ምስል የትኛውም ካሜራ በአንድ ቅጽበት አላየውም። ታዲያ እንዲህ ያለው ምስል ስለ ቤቱ በእውነት ይመሰክራል ወይስ በሐሰት? ነገሩ የሙያተኞች ጉዳይ ብቻ ይመስላል። ግን መልስ ለመስጠት እውነተኛ ምስክር ማን እንደሆነ፣ ጨለማም ራሱን የቻለ ነገር ይሁን የብርሃን ጉድለት ብቻ መወሰን ግድ ይላል። እነዚህ ደግሞ የሃይማኖትና የፍልስፍና ጥያቄዎች ናቸው።

በመጀመሪያ አንድ የተለመደ ክስ ከመንገድ ላይ ላንሣ። ብዙ ሰው ፎቶ ማዋሐድን የኮምፒውተር ዘመን ማታለያ ያደርገዋል፤ ድሮ ፎቶ ፎቶ ነበር ይላል። አልነበረም። በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ይሠራበት የነበረው የመስታወት ኔጋቲቭ ለሰማያዊ ብርሃን እጅግ ስሱ ስለነበር፣ ባሕሩ በደንብ ሲወጣ ሰማዩ ተቃጥሎ ባዶ ይቀር ነበር። ፈረንሳዊው ጉስታቭ ለ ግሬ በ1850ዎቹ ለባሕሩ አንድ፣ ለሰማዩ ሌላ ኔጋቲቭ እያነሣ ሁለቱን በአንድ ወረቀት ላይ አተማቸው። በ1857 እ.ኤ.አ. ደግሞ ኦስካር ሬይላንደር ከ30 በላይ ኔጋቲቮችን አጋጥሞ አንድ ትልቅ ምሳሌያዊ ሥዕል ሠራ። የሬይላንደር ሥራ ተውኔት ስለሆነ ለጥያቄያችን ብዙም አይጠቅምም። የለ ግሬ ግን ይጠቅማል፤ ምክንያቱም ይኸው ሰው አንዱን የደመና ኔጋቲቭ ለተለያዩ የባሕር ፎቶዎች ደጋግሞ ተጠቅሞበታል። ባሕሩ ያን ቀን ያልነበረበትን ሰማይ ተሸከመ ማለት ነው። ስለዚህ የካሜራን እጥረት ለመሙላት የሚደረገው ውሕደትና ያልነበረውን የሚያስገባው ውሕደት ገና ከጅምሩ በአንድ እጅ ላይ አብረው ነበሩ። መሣሪያው አንድ ስለሆነ በመሣሪያው ልንለያቸው አንችልም፤ ሌላ መለኪያ ያስፈልጋል።

ለማዋሐድ የሚቆመው ጠንካራው መከራከሪያ ከዓይን የሚነሣ ነው። ኢብን አል ሀይሠም በ11ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ በጻፈው ታላቅ የብርሃን መጽሐፍ፣ ማየት ምስልን መቀበል ብቻ እንዳልሆነ፣ ማነጻጸር፣ ማስታወስና መፍረድ እንዳለበት አስረድቷል። ማንም ሰው ሊመረምረው የሚችለው ነገር ነው። ከጠራራ ፀሐይ ወደ ቤተ ክርስቲያን የገባ ሰው በመጀመሪያው ደቂቃ ምንም አያይም፤ እግሩን በጥንቃቄ ያነሣል። ቆይቶ ዓምዱ፣ ቀጥሎ የሥዕሉ ወርቃማ አክሊል፣ ከዚያም የቅዱሱ ዓይኖች ይወጡለታል። ቀና ብሎ መስኮቱን ሲያይ የውጭው ዛፍም ይታየዋል። ሲወጣ በልቡ የያዘው ግን ተራ በተራ ያያቸውን ቁርጥራጮች አይደለም፤ አንድ ቤት ነው። እንግዲህ ከዓይን ሥራ ጋር ብናስተያየው፣ በሰከንድ ክፋይ የተዘጋው ነጠላ ፎቶ ነው ከሰው እይታ የሚርቀው። አውግስጢኖስም ስለ ውሸት ሲጽፍ የውሸትን ሥር በቃሉ ውስጥ አልፈለገም፤ በልብ ካለው የተለየ ነገር ተናግሮ ለማሳት በማሰብ ውስጥ ነው ያገኘው። በዚህ መለኪያ፣ ያየውን ሁሉ ለማሳየት አምስት ፎቶ ያዋሐደ ሰው አልዋሸም። እስከዚህ ድረስ ከአዋሐጆቹ ጋር ነኝ።

ችግሩ የሚጀምረው ቀጥሎ ነው፤ የት እንደሚጀምር በግልጽ የሚያሳይ ምሳሌም አለ። በ1997 እ.ኤ.አ. ፖል ደበቬክና ጂተንድራ ማሊክ የተባሉ ተመራማሪዎች በካሊፎርኒያ የሚገኘውን የስታንፎርድ መታሰቢያ ቤተ ክርስቲያን ውስጡን የሚያሳዩ 16 ፎቶዎች ይዘው ቀረቡ። ረጅሙ የብርሃን መቀበያ ጊዜ 30 ሰከንድ፣ አጭሩ የሰከንድ 1/1000 ነበር፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 30,000 እጥፍ ነው። ፀሐይዋ ከአንዱ ባለ ቀለም መስታወት በስተጀርባ ቆማ ነበር። ከ16ቱ ፎቶዎች አስልተው በየነጥቡ ምን ያህል ብርሃን እንደነበረ የሚናገር ካርታ አወጡ። ያ ካርታ ልኬት ነው፤ እንደ ሚዛን ድንጋይ እውነተኛ ነው። ግን ማንም ሊያየው አይችልም። ወረቀትም ሆነ የተለመደ ስክሪን ያን ሁሉ ልዩነት አይሸከምም፤ የግድ መጨመቅ አለበት። ተመራማሪዎቹም ከዚያው ከአንዱ ካርታ የወጡ፣ እርስ በርስ የማይመሳሰሉ በርካታ ምስሎችን ጎን ለጎን አተሙ። ልኬቱ አንድ፣ ምስሎቹ ብዙ። ስለዚህ አዋሐጁ እኔ የነበረውን ብቻ ነው ያሳየሁት ሲል፣ ያነሣው ሁሉ የነበረ መሆኑ እውነት ነው፤ ያሳየበት መንገድ ግን የእሱ ፍርድ ነው።

ያ ፍርድ ምን ዓይነት እንደሆነ ደግሞ በ2007 እ.ኤ.አ. የወጣውና ዛሬ በብዙ ሶፍትዌር ውስጥ ያለው የማዋሐጃ ስልት ሳይደብቅ ይናገራል። ስልቱ ከየትኛው ፎቶ የትኛውን ነጥብ እንደሚወስድ በሦስት ነገር ይመዝናል፦ ዝርዝሩ የጎላ መሆኑን፣ ቀለሙ የደመቀ መሆኑን፣ ብርሃኑም ለመካከለኛው የቀረበ መሆኑን። ሦስተኛው ላይ እንቁም። ወደ ጥቁር ያዘነበለ ነጥብ ክብደቱ ይቀንሳል፤ ወደ ነጭ ያዘነበለውም እንዲሁ። ማሽኑ ስለ ቤቱ የሚያውቀው ነገር የለም፤ ጨለማ ጉድለት ነው የሚል እምነት ግን ተጽፎለታል። በስልቱ ቀማሪዎች ላይ ክስ የለኝም፤ ለደህና ፎቶ ደህና መሣሪያ ሠርተዋል። እኔን የሚያሳስበኝ እምነቱ ሳይታይ ከእጅ ወደ እጅ ማለፉ ነው።

ውጤቱን ለማየት ለሽያጭ የቀረበ የአንድ አፓርትመንት ፎቶ ቀረብ ብሎ መመልከት ይበቃል። ከመስኮቱ ውጭ እኩለ ቀን ነው፤ ሰማዩ ግን ከውስጠኛው ግድግዳ ይልቅ የጠቆረ ሰማያዊ ሆኗል። በመስኮቱ ጠርዝ ዙሪያ፣ ክፈፉ ከሰማዩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ፣ ቀጭን ግራጫ ጭጋግ ይዞራል፤ ሁለቱ ፎቶዎች የተሰፉበት ነው። መጋረጃው ነፋስ አንቀሳቅሶት ከነበረ ጫፉ ሁለት ሆኖ ይታያል። ከሶፋው ሥር ጥላ የለም፤ ሶፋው ወለሉ ላይ የተቀመጠ ሳይሆን የተንሳፈፈ ይመስላል። ጭጋጉንና የመጋረጃውን ጥንድ ጫፍ ጎበዝ ኤዲተር ያጠፋቸዋል። ሰማዩን ከግድግዳው ማጨለሙን ግን ጉብዝና አያስተካክለውም፤ የብርሃን ተራ ተገልብጧልና። ፀሐይ የምታበራው ውጭ ከውስጥ ግድግዳ ጨልሞ ታየ። እንግዲህ ስንፈልገው የነበረው መለኪያ ይህ ነው እላለሁ። ያዋሐደ ሰው ልዩነቱን ማጥበብ ይችላል፤ 30,000 እጥፉን 100 እጥፍ ቢያደርገው አይወቀስም፤ ወረቀቱ አይችለውምና። ተራውን ግን መጠበቅ አለበት። ብሩህ የነበረው ብሩህ፣ ጨለማ የነበረው ጨለማ ሆኖ ይቅር።

ይህን መለኪያ የሚያስረዳ ቃልም አለን። በቤተ ክርስቲያናችን ተዋሕዶ የሚለው ቃል ያለ ቱሳኤ የሆነ አንድነትን ይናገራል፤ አንድ መሆን እንጂ መደባለቅ አይደለም። ያን ታላቅ ምሥጢር ከፎቶ ጋር ማመሳሰሌ አይደለም፤ የማይመሳሰል ነው። ቃሉ የሚያደርገውን ልዩነት ብቻ ልዋስ፦ አንድ ያደረጉት ነገር ሁሉ የግድ የተቀላቀለ አይደለም። ብርሃንና ጥላም እያንዳንዳቸው ማንነታቸውን ሳያጡ በአንድ ምስል ሊኖሩ ይችላሉ።

የብርሃንን ተራ መጠበቅ ለምን ከመልክ ያለፈ ጉዳይ እንደሆነ የሚያስረዳኝ የራሳችን ሕንፃ ነው። የላሊበላን ቤተ ጊዮርጊስ የፈለፈሉ ሰዎች የታችኞቹን መስኮቶች በድንጋዩ ላይ ቅርጻቸውን ብቻ አውጥተው ደፍነው ተዉአቸው፤ ብርሃን የሚገባው በላይኞቹ ነው። በግንብ ቤት ቢሆን ኖሮ ምናልባት በኋላ የተደፈነ ነው ይባል ነበር። ከአንድ አለት በተፈለፈለ ቤት ግን እንዲህ ማለት አይቻልም፤ ክፍት የሆነው ሁሉ ስለተፈለፈለ ክፍት ነው፤ ዝግ የሆነውም ስለተተወ ዝግ ነው። የታችኛው ጨለማ እንደ ግድግዳው በአሳብ የተሠራ ነው። በክብ ቤተ ክርስቲያኖቻችንም ምእመን ከቅኔ ማኅሌት ወደ ቅድስት ሲያልፍ ብርሃኑ እየሳሳ ይሄዳል፤ ከዚያ መጋረጃው አለ፤ ከመጋረጃው ጀርባ ካህናትና ዲያቆናት ብቻ የሚገቡበት መቅደስ። ይህ መሳሳት ትምህርት ነው፤ ወደ ውስጥ በተጠጋ ቁጥር የሚታየው እንደሚያንስና የሚታመነው እንደሚበልጥ በዓይንና በእግር የሚሰጥ ትምህርት። ሦስቱን ክፍሎች በእኩል ብርሃን ያጥለቀለቀ ፎቶ አንድ ድንጋይ አልጨመረም፣ አንድ ሥዕል አልቀየረም፤ ትምህርቱን ግን አጥፍቶታል። ሌላም ያጠፋል። ብዙ የማዋሐጃ ሶፍትዌሮች ከፎቶ ወደ ፎቶ ቦታውን የቀየረን ነገር እንደ ስህተት ቆጥረው ለማስወገድ ይሞክራሉ። የሚወዛወዝ የጧፍ ነበልባልና እየሰገደ ያለ ሰው ደግሞ ከፎቶ ወደ ፎቶ ቦታቸውን የሚቀይሩ ናቸው።

እዚህ ላይ ሁለት መቃወሚያ ይመጣል። የመጀመሪያው፣ ዓይን ራሱ ጨለማውን እየለመደ የሚያደምቀው ከሆነ ፎቶው ቢያደምቀው ምን አጠፋ ይላል። መልሴ፣ ዓይን ይለምዳል እንጂ አይረሳም። ጨለማውን የለመደ ሰው አሁንም ጨለማ ውስጥ መሆኑን ያውቃል፤ ሥዕሉ የታየው ቆይቶ እንደሆነም ያውቃል። ፎቶው ውጤቱን ይዞ መጠበቁን ይጥለዋል። ስለዚህ ተራውን መጠበቅ ለዓይንም ታማኝ መሆን ነው። ሁለተኛው መቃወሚያ ከበድ ይላል፦ ጨለማ የብርሃን አለመኖር ብቻ ነው፣ የሌለን ነገር ማጥፋት ምን ውሸት አለው? በፊዚክስ ትክክል ነው። በኦሪት ዘፍጥረት መጀመሪያ ግን ብርሃን ሲፈጠር ጨለማው አልተሻረም፤ ተለየ፣ ወሰን ተሰጠው፣ ሌሊት የሚል ስምም ወጣለት። ስም የወጣለት ነገር በምስክር ቃል ውስጥ ድርሻ አለው። ይህ ማለት ጥላን ማንሣት ምንጊዜም ኃጢአት ነው ማለት አይደለም። የሚረግፍን የግድግዳ ሥዕል ለጥገና የሚያጠና ባለሙያ እያንዳንዱ ስንጥቅ ቁልጭ ብሎ እንዲታየው ይፈልጋል፤ ያ ፎቶ መዝገብ ነው፣ ተመልካቹም መዝገብ መሆኑን ያውቃል። ያው ፎቶ ፖስትካርድ ላይ ታትሞ ቤተ ክርስቲያኑ ይህን ይመስላል ሲባል ነው ነገሩ የሚለወጠው።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚመራኝ ግን የጥንት ነገር ነው። በ2ኛው መቶ ዘመን ታትያን የተባለው ሶርያዊ አራቱን ወንጌላት ወደ አንድ ተከታታይ ትረካ አዋሐዳቸው። ሥራው ለአንባቢ የሚመች ስለነበር በሶርያ አብያተ ክርስቲያናት ለረጅም ጊዜ ተነበበ። በ5ኛው መቶ ዘመን የቂርሆስ ከተማ ጳጳስ ቴዎዶሪጦስ በሀገረ ስብከቱ ከ200 በላይ ቅጂዎችን ሰብስቦ በምትካቸው አራቱን ወንጌላት አስቀመጠ። ቅሬታው ታትያን በማዋሐድ ላይ ሳለ የክርስቶስን የዘር ሐረግ አውጥቶ ጥሏል የሚል ነበር። አንድ ለማድረግ የሚተጋ እጅ የማይገጥምለትን ይጥላል፤ የተጣለውም በተዋሐደው ውስጥ ስለማይታይ አንባቢው ጎደለ ብሎ አይጠይቅም። የእኛ የአንድምታ መምህራን ደግሞ የተለያዩ ትርጓሜዎችን ሲቀበሉ አንዱን ከሌላው ጋር አቅልጠው አማካዩን አላወጡም። አንድም ብለው ቀጠሉ፣ ደግመው አንድም አሉ፣ ሁሉንም ጎን ለጎን ለተማሪው ሰጡት።

ፎቶግራፍ አንሺውም እንዲሁ ሊያደርግ ይችላል፤ ደግሞም ምንም አያስወጣውም። ያዋሐደውን ያሳይ፤ አጠገቡ ከነጠላዎቹ አንዱን፣ መካከለኛውን፣ ሳይነካ ያስቀምጥ። በተለይ ውጭ አገር ሆናችሁ አዲስ አበባ ውስጥ ቤት በፎቶ የምትመርጡ፣ ወይም ልጆቻችሁን ከአብያተ ክርስቲያናቱ ጋር በስክሪን የምታስተዋውቁ፣ ያን ነጠላ ፎቶ ጠይቁ። የለም ቢሏችሁ አትቀበሉ። የተዋሐደው ፎቶ የተሠራው ከእሱ ነው።