ጸጥ ያለና ጭር ያለ

ቋንቋችን ድምፅ ለማይሰማበት ቦታ ቢያንስ ሁለት ቃል አለው። አንደኛው «ጸጥ ያለ» ነው፤ ሁለተኛው «ጭር ያለ» ነው። ጸጥ ያለ ቦታ ፈልገን እንሄዳለን፣ እናጠናበታለን፣ እናርፍበታለን። ጭር ያለ ቦታ ግን ሆድ ያባባል፤ ሰው ሊኖርበት ሲገባ ሰው ያጣ ቦታ ነውና። ገበያ ሲበተን ጭር ይላል። ተማሪው ለክረምት ሲሄድ ዶርሙ ጭር ይላል። ለጆሮ እኮ ሁለቱ አንድ ናቸው። የሚለያቸው «እዚህ ቦታ ማን ነበረ?» የሚለው ጥያቄ ብቻ ነው፤ ይህን ደግሞ ጆሮ ብቻውን ሊመልሰው አይችልም።

ይህን ለማንሣት ምክንያት የሆነኝ በእኛ በተማሪዎች መካከል እየተስፋፋ የመጣው ድንኳን ተሸክሞ ተራራ የመውጣት ፍቅር ነው። ቅዳሜ ደርሶ ወደ ወንጪ ወይም ወደ መናገሻ የማይወጣ የለም፤ አቅሙ የፈቀደለት ባሌ ድረስ ይዘልቃል። መልካም ነገር ነው፣ የሚቃወም ልብ የለኝም። ከከተማ ጫጫታ፣ ከፈተናና ከስልክ ሁለት ቀን መሸሽ ማንን ይጎዳል? ይባላል። የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ግን በቀጥታ ይኸው ነው፦ ማንን ይጎዳል?

ነገሩ በደፈናው እንዳይቀር አንድ ቦታ ልውሰድ። በስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ከሳንቃበር ተነሥቶ የጂንባርን ወንዝ የተሻገረ መንገደኛ ዳገቱን ሲጨርስ ግጭ ከሚባለው የድንኳን ሰፈር ይደርሳል። ከፍታው 3,600 ሜትር ገደማ ነው። ዙሪያውን ጓሳ ነው፤ በጓሳው መካከል ጅብራዎች እዚህም እዚያም ዘብ እንደ ቆመ ሰው ተተክለዋል። በጥር 2012 ዓ.ም. ከጓደኞቼ ጋር ሁለት ሌሊት አድረንበታል። ሌሊት በኮዳ ያስቀመጥነው ውሃ ይረጋል፣ ጠዋት ድንኳኑ ላይ ውርጭ ተጋግሮ ይገኛል፤ ፀሐይ ስትወጣ ጭላዶቹ ከገደሉ እየወጡ ሣራቸውን ይነጫሉ። ያን የመሰለ ጸጥታ ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም። (ጸጥታ ይሰማል ወይ? የሚል ካለ፣ ሄዶ ይሞክረው፤ ይሰማል።)

ከሰፈሩ ወረድ ብሎ ግን መንደር ነበረ። ወደ ሰፈሩ የሚያወጣው መንገድ ራሱ የሚያልፈው በመንደሩ ውስጥ ነው። እስከ 2008 ዓ.ም. ድረስ የግጭ ሰዎች እዚያ ገብስ ያርሱ፣ በግና ከብት ያግዱ ነበር። በዚያ ዓመት፣ እስከ ሰኔ ወር፣ 418 ቤተሰብ ተነሥቶ ወደ ደባርቅ ከተማ ሄደ። ካሣ ተከፍሏል፤ በወረቀት ላይም «በፈቃደኝነት» ተብሏል። እኛ ስንደርስ ቤት የነበረበትን ቦታ ሣር እየወረሰው ነበር።

ሰዎቹ እንዲነሡ የተፈለገበት ምክንያት ቀልድ አይደለም። ዋልያ በዓለም ላይ ከስሜን በቀር የሚኖርበት አገር የለውም፤ እዚህ ካለቀ አለቀ ማለት ነው። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1969 በሕግ ተቋቋመ፤ በ1978 ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ብሎ መጀመሪያ ከመዘገባቸው ዐሥራ ሁለት ቦታዎች አንዱ ሆነ፤ በ1996 ደግሞ አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገባ። ዳገት ላይ የሚታረሰው ገብስ አፈሩን ያስጠርጋል፣ ጓሳው በከብት ይጋጣል፣ ዋልያው ወደ ገደል ይገፋል። ፓርኩ ከአደጋው መዝገብ የወጣው በ2017፣ ግጭ ባዶ በሆነ በዓመቱ ነው። እንግዲህ «ሰዎቹ መነሣት አልነበረባቸውም» ብሎ በቀላሉ የሚፈርድ ካለ የዋልያውን ጠበቃ መልስ መስማት ግዴታው ነው። ዋልያ አቤት የሚልበት አፍ የለውም፤ ደባርቅም ቤት ሊሠራለት አይችልም።

የዋልያውን መብት እቀበላለሁ። የማልቀበለው ከዋልያው ጀርባ ተደብቆ የሚገባውን የእኛን የጎብኚዎቹን መብት ነው። ሁለቱን መለየት አለብን። ዋልያው ቦታ የሚፈልገው ለመኖር ነው፤ እኔ ጸጥታ የምፈልገው ደስ እንዲለኝ ነው። ለመጀመሪያው ሲባል አንድ ገበሬ አባቱ ያረሰበትን መሬት እንዲለቅ መጠየቅ ከባድ ነገር ቢሆንም የሚያከራክር ነገር ነው፤ ለሁለተኛው ሲባል ግን ጨርሶ የሚያከራክር አይደለም። ችግሩ ላሙ ከወጣ በኋላ ድንኳኑ እንደ ተተከለ መቅረቱ ነው። በቅሎው ይግጣል፣ ማብሰያው ይጨሳል፣ ሃያ ሰው እሳት ዳር ይዘፍናል። የበግ እረኛው ዋልያውን ይረብሻል ከተባለ የእኛ ጊታር አይረብሽም ያለው ማነው? «ጎብኚው እኮ ገንዘብ ያመጣል፣ ፓርኩም የሚጠበቀው በዚያ ገንዘብ ነው» ይባላል። እውነት ነው። ግን ይህ መልስ ስለ ዋልያ መሆኑ ቀርቶ ስለ ክፍያ ሆኗል፤ መክፈል የቻለ ይገባል፣ ያልቻለ ይወጣል ማለት ነው። እንደዚያ ከሆነ በግልጽ እንነጋገር።

ነገሩን የበለጠ የሚያከርረው ሌላ አገር የሚደረገውን ስናይ ነው። ጊዮም ብላን የተባለ ፈረንሳዊ የታሪክ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መጽሐፍ የግጭን ሰዎች መነሣት ከራሱ አገር ከሴቬን ተራሮች ጋር ያነጻጽረዋል። ያው ዩኔስኮ በ2011 ኮስና ሴቬን የተባለውን የደቡብ ፈረንሳይ ተራራማ አገር የዓለም ቅርስ ብሎ ሲመዘግብ ምክንያት ያደረገው እረኞቹንና የግጦሽ ባህላቸውን ነው። እዚያ በግ የሚያግደው ሰው ራሱ ቅርስ ነው፤ እዚህ በግ የሚያግደው ሰው የቅርስ ጠላት ነው። የተራራው ዓይነትና የአፈሩ ጉዳት አንድ አይደለም የሚል ይኖራል፣ ይበል። ቢሆንም ሰው የሌለበት አፍሪካ ለማየት የሚመጣ ዓይን መኖሩን የሚክድ አይመስለኝም። ይህ ዓይን የፈረንጅ ብቻ ነው ብለን ራሳችንን አናታልል፤ እኛም ከአዲስ አበባ ስንሄድ ፎቶው ውስጥ የአንድ ገበሬ ቆርቆሮ ቤት ከገባብን ትንሽ ወደ ግራ ዞር ብለን እናነሣ የለም እንዴ?

እዚህ ላይ ስለ ድንኳን አንድ ነገር ጣል ላድርግ። በእኛ አገር ድንኳን የሚተከለው ሰው ለመሰብሰብ ነው፤ ወይ ለሠርግ ወይ ለለቅሶ። ከሰው ለመሸሽ ድንኳን መትከል አዲስ ነገር ነው። ሌላም አሮጌ ትዝታ አለ፤ በነገሥታቱ ዘመን አንድ ሸለቆ ውስጥ ድንኳን ተደርድሮ ሲታይ ሠራዊት ሰፈረ ማለት ነበር። ሠራዊት ከሰፈረ ደግሞ ገብሱም በጉም የገበሬው መሆኑ ይቀራል። የዛሬው ድንኳን ናይለን ነው፣ ባለቤቱም ጨዋ ተማሪ ነው፤ ገበሬው ግን ድንኳን ሲያይ የሚያስበውን ሁሉ ከእኛ ጋር አብሮ እንዲያስብ መጠበቅ አንችልም።

ዕቃችንን የጫነው በቅሎ ነጂ ከግጭ ከተነሡት አንዱ ነበር። ይህን ያወቅነው በሁለተኛው ቀን ነው፤ እሱም ጠይቀነው እንጂ ራሱ አንሥቶት አይደለም። «ጋሼ፣ ቤትዎ የትኛው ጋ ነበር?» ስንለው በአለንጋው አመለከተን፤ እኛ መሸት ሲል ፎቶ የተነሣንበት ሜዳ አጠገብ ነው። ይናፍቅዎታል ወይ? አልነው። «ብርዱስ አይናፈቅም ልጆቼ» አለ። ደባርቅ ለልጆቹ ትምህርት ቤት ቅርብ መሆኑን፣ ሐኪም ቤትም መኖሩን አልደበቀም። ቆየት ብሎ፣ ድንኳኑን ሲያጠብቅ፣ «እናንተ እንዴት እንቅልፍ ይወስዳችኋል? ውሻ እንኳ የማይጮህበት ቦታ» አለን። ለእኛ ያ ሌሊት ጸጥ ያለ ነበር። ለእሱ ያው ሌሊት ጭር ያለ ነበር። ማናችንም አልተሳሳትንም፤ ጆሯችንም ደኅና ነበር።

ታዲያ እዚያ ማደር ነውር ነው ወይ? አይመስለኝም። የሰው መነሣት እኛ ባለመሄዳችን አይመለስም፤ በቅሎ ነጂውም፣ ማብሰያውም፣ ጠመንጃ ይዞ አብሮ የሚዞረው ስካውትም እንጀራቸውን የሚያገኙት ከሚመጣው ሰው ነው። ነውር የሚመስለኝ «ሰው ያልነካው ተፈጥሮ» እያሉ መመለስ ነው። ይህ አባባል ሐሰት ከመሆኑም በላይ የተነሡትን ሰዎች ሁለተኛ ጊዜ ያነሣቸዋል፤ መጀመሪያ ከመሬቱ፣ ቀጥሎ ከወሬው። ደግሞም እነሱ የመጀመሪያዎቹ አይደሉም፤ በደርግ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ፣ ከገደሉ በታች የነበሩ መንደሮች በኃይል እንዲነሡ ተደርገዋል። ስለዚያ የሚያወራ ጎብኚ አላጋጠመኝም። የግጭን ገብስ የበላ፣ የግጭን ውሻ የሰማ ሰው ገና በሕይወት እያለ ቦታውን ድንግል ብሎ መጥራት ድፍረት ነው።

አንዳንዱ ወዳጄ «ይህን ሁሉ እያሰብኩማ ማረፍ አልችልም፣ የሄድኩት ለማረፍ ነው» ይለኛል። እኔ ደግሞ እንዲህ እላለሁ፦ ማሰቡ ዕረፍትህን የሚያፈርሰው ከሆነ፣ ዕረፍትህ የቆመው ባለማወቅ ላይ ነበር። ሁለተኛው ሌሊት ለእኔ ከመጀመሪያው አላነሰም። ኮከቡ ያው ኮከብ ነው። ብቻ «የእኛ ቦታ» ማለቱን ትተን «የእነሱ ቦታ» እያልን መጥራት ጀመርን፤ ጊታሩም ቀደም ብሎ ወደ ከረጢቱ ገባ። ማንም አላዘዘንም።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ሆኗል። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ እስከ ደባርቅ አካባቢ ደረሰ፤ ለጸጥታና ለተሻለ ኑሮ ተብለው ከተራራው የወረዱት ሰዎች መድፍ ሰሙ። ዋልያውም ሰዎቹ ስለ ለቀቁለት ብቻ አልበዛም፤ በጦርነቱ ዓመታት ቁጥሩ እንደገና ወርዷል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በክልሉ በተነሣው ግጭት የተነሣ ወደ ስሜን የሚወጣው እንግዳ ተመናመነ፤ የድንኳኑ ሰፈር ራሱ ጭር አለ። አሁን ወደዚያ መሄድ ያማረው ተማሪ ከድንኳንና ከስሊፒንግ ባግ በፊት ስልክ ደውሎ «ጸጥታው እንዴት ነው?» ብሎ መጠየቅ አለበት። ቃሉ ያው ቃል ነው፤ የሚመልስለትም ደባርቅ ያለው በቅሎ ነጂ ነው።