መመለስና መቀጣት

ሰው ሳያውቅ በእጁ ስለገባ ነገር ይጠየቃልን? ይህን ጥያቄ ዛሬ ብዙ በማንጠቅሰው መስክ፣ «ቦዲ ቢልዲንግ» በሚባለው የሰውነት ማጎልመስ ውድድር ልንመለከተው ወደድን።

እ.ኤ.አ. በ1990 በአሜሪካ፣ በኮለምበስ ከተማ በተደረገው የአርኖልድ ክላሲክ ውድድር ሾን ሬይ አንደኛ ወጣ። ይሁን እንጂ የአበረታች መድኃኒት ምርመራውን ባለማለፉ ማዕረጉ ተወስዶ ለማይክ አሽሊ ተሰጠ። በሩጫ የሚዳኘው ፍጥነት ነው፤ በዚህ ውድድር ግን ለዳኛ የሚቀርበው ሰውነቱ ራሱ ነው። ስለዚህ መድኃኒቱ ከሚታየው ነገር ተለይቶ አይቆጠርም።

የዓለም ፀረ አበረታች ቅመሞች ሕግ፣ የተከለከለ ቅመም በስፖርተኛው ናሙና ከተገኘ፣ ዐውቆም ይሁን ሳያውቅ ጥፋት ተፈጽሟል ይላል። ፈቃድ በሌለበት ኃጢአት የለም ተብለን ለተማርን ለእኛ ይህ አባባል መጀመሪያ ላይ ከብዶን ነበር። ነገሩን ጠጋ ብለን ስናየው ግን ሕጉ ሁለት ነገሮችን ለይቶ መያዙን አስተዋልን። በውድድሩ በተደረገ ምርመራ ቅመሙ የተገኘበት ሰው የዚያን ውድድር ውጤት ያጣል፤ በዚህ ላይ «አላወቅሁም» ማለት አይረዳውም። የእገዳው ዘመን ግን በሐሳቡና በጥንቃቄው ይመዘናል። ከ2015 ጀምሮ ስቴሮይድ የተገኘበት ሰው በመጀመሪያ ጥፋቱ አራት ዓመት ይታገዳል፤ ሆን ብሎ አለማድረጉን ካስረዳ ሁለት ዓመት ይሆንለታል፤ የወሰደው የምግብ ማሟያ የተበከለ እንደነበረ ቢያስረዳ እንደ ጥፋቱ ቅለት ከዚያም ሊያንስ ይችላል። ፈጽሞ ጥፋት እንደሌለበት ካስረዳ እገዳው ይቀርለታል፤ ያጣው ውጤት ግን አይመለስለትም።

የጎረቤቱ በሬ ከመንጋው ጋር ተቀላቅሎ የገባለት ገበሬ ሌባ አይደለም፤ በሬውን ግን ይመልሳል። መመለሱን ማንም ቅጣት አይለውም። ማዕረጉም እንዲሁ የሁለተኛው ሰው በሬ ነበር።

የሚከብደን ሌላ ነው። አለማወቁን የማስረዳቱ ሸክም በስፖርተኛው ላይ ወድቋል። ቅመሙ ከየት እንደ ገባ ለማሳየት የማሟያውን ጣሳ ጠብቆ ማቆየት፣ በላቦራቶሪ ማስመርመርና ጠበቃ ማቆም ያስፈልጋል፤ ይህም ገንዘብ ይጠይቃል። ማስረጃ ያጣ ንጹሕ ሰው ከሐሰተኛው እኩል ይታገዳል። ሕግ አውጪዎቹን በዚህ አንነቅፍም፤ ሸክሙን ወደ ከሳሹ ቢያዞሩት የሰውን ልብ የሚመረምር መሣሪያ ከየት ይመጣል? ሆኖም በዚህ ውድድር አራት ዓመት ቀላል ዘመን አይደለም። ሾን ሬይ በ1991 ተመልሶ ያንኑ ውድድር አሸንፏል፤ የዛሬው የአራት ዓመት እገዳ በዚያን ጊዜ ኖሮ ቢጸናበት ግን በዚያ ዓመት ከመድረክ ውጭ በሆነ ነበር።