የአንደበት አደራ

ከጎንደር ተነሥቶ በአይከል በኩል ቁልቁል የወረደ መንገደኛ ገንዳ ውኃን ካለፈ በኋላ መተማ ዮሐንስ ይደርሳል። ከከተማዪቱ ዳር አንድ ፈፋ አለ፤ ከወዲህ የእኛዋ መተማ፣ ከወዲያ የሱዳኗ ገላባት ተቀምጠዋል። ፈፋውን ለመሻገር ጥቂት እርምጃ ይበቃል፤ ይሁንና በታሪካችን ውስጥ የዚያችን እርምጃ ያህል የከበደ ነገር ጥቂት ነው። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በመጋቢት ወር 1881 ዓ.ም. ከድርቡሽ ሠራዊት ጋር ሲዋጉ ቆስለው የሞቱት እዚሁ ነው፤ ከተማዪቱም ስማቸውን ወርሳ ትኖራለች። ስለዚህ ከሳንጃ እስከ መተማ በተዘረጋው ቆላ የሚኖር ሰው ታማኝነትን ሲመዝን አስቀድሞ የሚመጣለት መለኪያ ወሰን ነው። በወሰኑ ላይ የወደቀ ጀግና ነው። ወሰኑን ተሻግሮ የሄደውስ? ከወሰኑ ወዲህ ቀርቶ ከጠላት ጋር የዋለውስ?

ይህ ጥያቄ ለጦረኛ ብቻ የቀረበ አይደለም፤ ለባለቅኔም ቀርቧል። ፋሺስት ጣሊያን አገራችንን በወረረበት ዘመን ሁለት የጎጃም ልጆች፣ ሁለቱም ቃል አዋቂዎች፣ ሁለት የተለያዩ መልሶች ሰጡት።

አንደኛው ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ ነው። በ1887 ዓ.ም. በደብረ ኤልያስ ተወልዶ፣ በቤተ ክርስቲያን ቅኔ ተምሮ፣ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በመምህርነት፣ በመዝሙር ደራሲነትና በጸሐፌ ተውኔትነት ታወቀ። አርመናዊው ኬቮርክ ናልባንዲያን ዜማውን የደረሰለት የንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ግጥሙ የዮፍታሔ ነው። ወረራው በመጣ ጊዜ ወደ ሱዳን ተሰደደ፤ ከነጻነት በኋላ ተመልሶ በ1939 ዓ.ም. ዐረፈ።

ሁለተኛው ነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ነው። ከጣና ዳር ከዘጌ ወጥቶ ጣሊያን አገር ድረስ ሄዶ ሥዕል የተማረ፣ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ «ልብ ወለድ ታሪክ» ብሎ ያሳተመውና በኋላ «ጦቢያ» በሚል ስም የታወቀው መጽሐፉ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ተብሎ የሚቆጠርለት ሰው ነው። በወረራው ዘመን ግን ከወራሪው ጎን ቆመ፤ «አፈ ቄሣር» የሚለውንም ማዕረግ ተቀበለ። ከነጻነት በኋላ ወደ ጅማ ተግዞ እዚያው ሞተ።

እንግዲህ ወሰን ብቻውን የታማኝነት መለኪያ ቢሆን ኖሮ ፍርዱ በተገለበጠ ነበር። የሄደው ከድቷል፣ የቀረው ጸንቷል ባልን ነበር። እውነቱ ግን ተቃራኒው ነው። አንዱ አፈሩን ትቶ አንደበቱን አዳነ፤ ሌላው አፈሩ ላይ ቆሞ አንደበቱን ለባዕድ አስረከበ።

ይህ ፈተና የእኛ ብቻ አልነበረም። ናዚ ጀርመን በአውሮፓ አቆጣጠር በ1940 ኖርዌይን በያዘ ጊዜ ባለቅኔው ኑርዳል ግሪግ ከአገሩ ወጥቶ ወደ እንግሊዝ ተሻገረ፤ በግጥሙም በዘገባውም ሲታገል ቆይቶ በታኅሣሥ 1943 በርሊንን ሊደበድብ በሄደ አውሮፕላን ውስጥ እንዳለ ሞተ። በ1920 የኖቤል ሽልማት የተቀበለው ታላቁ ደራሲ ክኑት ሐምሱን ግን ከወራሪው ጋር ወገነ፤ ሒትለር ሲሞት የሐዘን ጽሑፍ እስከማውጣት ደረሰ። ከጦርነቱ በኋላ ፍርድ ቤት አቅርበው 325,000 ክሮነር አስከፈሉት። መጽሐፎቹን ግን ማንበብ አልተዉም፤ በተወለደ በ150ኛው ዓመት፣ በ2009፣ ልጅነቱን ባሳለፈበት በሐማሮይ በስሙ የሚጠራ ማዕከል ከፈቱ።

አንዳንዱ ይህን አይቶ «ኪነ ጥበብ ከሰው በላይ ናት፤ ድርሰቱ ካማረ የደራሲው ጠባይ ምን አገባን?» ይላል። ሌላው ደግሞ «ከባንዳ እጅ የወጣ መጽሐፍ አይነበብ» ይላል። ሁለቱም የተሳሳቱ ይመስለኛል፤ የስሕተታቸውም ምንጭ አንድ ነው። ሁለቱም አንደበትን የባለቅኔው የግል ንብረት አድርገው ያያሉ።

አንደበት የግል ንብረት አይደለም። ወታደር ለጠላት ክንዱን ሲያከራይ የራሱን ክንድ ነው። ባለቅኔ ግን የሚሰጠው ቋንቋ የማን ነው? ዮፍታሔ ቅኔውን ከደብረ ኤልያስ ጉባኤ ተቀበለ፤ አፈወርቅም ያን የረቀቀ አማርኛ ከባዶ አልፈጠረውም። እናቶች በእሹሩሩና በሙሾ፣ መምህራን በጉባኤ፣ ገበሬዎች በሸንጎ ክርክር ለዘመናት ያነጠሩትን ተረከበ። ቋንቋ አደራ ነው። ስለዚህም የባለቅኔ ክሕደት ከሌላው ክሕደት ይከብዳል፤ በራሱ ላይ ብቻ ሳይሆን በሰጡት ሁሉ ላይ ይፈጸማልና። በአማርኛችን ለእንዲህ ያለው ሰው የተዘጋጀው ስም «አደራ በላ» የሚል ነው።

ነገር ግን የአደራ ሕግ ሁለተኛ ገጽ አለው። አደራ የበላ ሰው ይወቀሳል፤ አደራው ግን ለባለቤቱ ይመለሳል እንጂ አይጣልም። አፈወርቅን ያስወቀሰው ምክንያት ራሱ መጽሐፉን እንድናነብ ያስገድደናል፤ በውስጡ ያለው አማርኛ የእኛ ነውና። «ልብ ወለድ» ባልን ቁጥር እርሱ ለመጽሐፉ ያወጣውን ስም እንናገራለን፤ ቃሉን ልናወጣው ብንሞክር በእርሱ ፈንታ የምንናገርበት አፍ አይኖረንም። ስለዚህ የድርሰቱ ውበት ጥፋቱን አይሰርዝለትም፤ ጥፋቱም የድርሰቱን ውበት አይፍቀውም። ሁለቱ ሒሳቦች በሁለት መዝገብ ይያዙ፤ አንዱ ለሌላው ዕዳ አይክፈል።

ከዚህ በኋላ ወቀሳው ወደ እኛ ይመለሳል። ዮፍታሔ አደራውን ጠብቆ መለሰ፤ ለመሆኑ ተረክበነዋልን? መዝሙሩ በ1967 ዓ.ም. በሌላ ተተክቷል። «አፋጀሽኝ» የተባለው ተውኔቱ ስሙ ከሚነሣበት ቦታ ይልቅ የሚነበብበት ቦታ ያነሰ ነው። ገጣሚው ዮሐንስ አድማሱ የሕይወቱንና የጽሑፉን ታሪክ ደክሞ ባያዘጋጅ፣ ወንድሙ ዮናስ አድማሱም ያን ድካም ከዳር ባያደርስ ኖሮ የምናውቀው ከዚህም ያነሰ በሆነ ነበር። ጀግና ብሎ ማወደስ ከማንበብ ይቀላልና ብዙ ጊዜ የምንመርጠው ማወደሱን ነው። ያልተረከቡት አደራ ደግሞ ከተበላ አደራ በምን ይለያል?

በመተማ ፈፋ ዳር የሚቆም ሰው ወዲያና ወዲህ የሚመላለሰውን ሕዝብ እያየ ማን ታማኝ፣ ማን ከሓዲ እንደሆነ ከእግሩ አቅጣጫ ሊያውቅ አይችልም። አባቶቻችን «ከአፍ የወጣ አፋፍ» ያሉት ቃል የሚመለስበት መንገድ ስለሌለው ነው። ባለቅኔን ስንመዝንም «የት ቆመ?» ከማለት አስቀድመን «አንደበቱን ለማን ሰጠ?» እንበል፤ ቀጥለንም፣ ይህኛው ከበድ ይላል፣ «እኛስ የሰጠንን ተቀብለናል ወይ?» እንበል።